ሰርቨሩ በርቷል፤ መግቢያው የለም

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ወጣት የአይቲ ባለሙያ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጧል። ደብረ ብርሃን ያለውን የቅርንጫፉን ሰርቨር ዴቢያን ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት እትም 12 ወደ እትም 13 አሻሽሎ ጨርሷል፤ ሪስታርት ያዘዘውም እሱ ራሱ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ አልደነገጠም፤ ሪስታርት ሲደረግ ያለ ነው። ሁለት ደቂቃ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ ሞላ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ፒንግ ያደርጋል፣ መልስ የለም። በኤስኤስኤች ሊገባ ይሞክራል፣ ዝም።

ሰርቨሩ ስክሪን የለውም፤ ኪቦርድም አልተሰካበትም። ከተተከለ ጀምሮ የሚታዘዘው በኔትወርክ ብቻ ነው። በሊኑክስ የሚሠራ አብዛኛው ሰርቨር የሚኖረው እንዲህ ነው። ኔትወርኩ ሲጠፋ ግን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ፣ ምን እንደሆነ የማይናገር ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ባለሙያው ስልኩን አነሳና ግቢውን ለሚጠብቁት አዛውንት ደወለ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔው ጋ ነው። ምነው ልጄ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ደህና ነው። ከጥቁሩ ሳጥን ጀርባ ሰማያዊ ገመድ የተሰካበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ መብራት ይታይዎት እንደሆነ ያዩልኛል?»

የእግር ኮቴ፣ የቁልፍ ድምፅ፣ የበር መከፈት በስልኩ ይሰማል።

«አረንጓዴ አለ። አጠገቡ ደግሞ ብርቱካን መሳይ፣ ብልጭ ድርግም የሚል።»

አዛውንቱ ሊኑክስ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። በዚህች መልሳቸው ግን የባለሙያውን ግማሽ ጭንቀት አቃለሉለት። ኤሌክትሪክ አለ። ገመዱ አልተነቀለም፣ ስዊቹም አልተቃጠለም። ሰርቨሩ በሕይወት አለ።

ይህን ታሪክ ባለሙያው ራሱ ሲነግረኝ አስረግጬ ልጽፈው የፈለግሁት ነገር ይኸው ነው። ከአፕግሬድ በኋላ «ጠፋ» የሚባለው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ዳታቤዙ ተነስቷል፣ ሰዓቱ እንኳ ትክክል ነው። የጠፋው መግቢያው ነው። ይህን የማያምን ሰው ወደ አንድ መጥፎ ውሳኔ ይቸኩላል፤ «አጥፍተን ከባዶ እንጫነው» ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ ይህ ቃል ከሁሉም በፊት ሲነገር እሰማለሁ። በእኔ እምነት ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ብቻ ሊነገር የሚገባው ነው። ከባዶ ሲጫን የዓመታት ቅንብር አብሮ ይጠፋል፤ የችግሩም መንስኤ ሳይታወቅ ስለሚቀር በሚቀጥለው አፕግሬድ ተመልሶ ይመጣል።

ደብረ ብርሃን ላይ ቀጥሎ የተጠራችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናት። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ትሠራለች። የራሷን ኮምፒውተር ስክሪንና ኪቦርድ ነቅላ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ወሰደችና ሰካች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ ስም የሚጠይቅ መስመር። ባለሙያው የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገራት (ማምሻውን ቀይሮታል)። የመጀመሪያዋ ትእዛዝ አጭር ናት፣ «አይፒ ሊንክ» የምትባለው፤ ሰርቨሩ የሚያውቃቸውን የኔትወርክ ኢንተርፌሶች ትዘረዝራለች። ሠራተኛዋ የወጣውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከች።

ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ነበር። አንዱ ማንኛውም ሊኑክስ ከራሱ ጋር ለመነጋገር የሚይዘው ነው። ሁለተኛው «ኢኤንኤስ1» ይላል፤ አጠገቡ «ዳውን» ተጽፏል፤ ካርዱ አለ፣ ግን ማንም አላስነሳውም። ከዚያ የኔትወርኩን ቅንብር ፋይል አስከፈታት። በዚያ ውስጥ ቋሚው አይፒ አድራሻ፣ ጌትዌዩ፣ ሁሉም በቦታው አለ። የተሰጠው ግን «ኢኤንፒ3ኤስ0» ለሚባል ኢንተርፌስ ነው። በዚያ ስም የሚጠራ ነገር ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የለም። ሲስተሙ ሲነሳ ኢኤንፒ3ኤስ0ን ፈልጎ አጣው፣ ስህተት መዘገበና ሥራውን ቀጠለ። ካርዱ ያው ነው፣ የተሰካበትም ቦታ ያው፣ ገመዱም ያው። ስሙ ብቻ በአንድ ሪስታርት ተለወጠ፤ ቀበሌ በአንድ ሌሊት የቤት ቁጥሩን ቀይሮ ፖስተኛው በአሮጌው ቁጥር ሲንከራተት እንደሚያድረው ማለት ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ግን ማወቁ ይጠቅማል።

ድሮ የሊኑክስ ከርነል የኔትወርክ ካርዶችን ባገኛቸው ቅደም ተከተል ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 እያለ ይሰይማቸው ነበር። ሰርቨሩ አንድ ካርድ ብቻ ሲኖረው ችግር የለውም። ሁለት ካርድ ይዞ በውስጥ ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል ዘብ ለሚቆም ሰርቨር ግን አደገኛ ነው። ድራይቨሮቹ በየትኛው ሪስታርት ማን ቀድሞ እንደሚነሳ ዋስትና የለም። አንድ ቀን ስሞቹ ቢለዋወጡ ወደ ውጭ የሚመለከተው የፋየርዎል ሕግ ወደ ውስጥ ዞረ ማለት ነው። ይህን ለመፍታት ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲስተምዲ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 በወጣው እትሙ 197 ካርዶችን በተቀመጡበት ቦታ መሰየም ጀመረ። ኢኤንፒ3ኤስ0 ማለት በፒሲአይ ባስ ቁጥር 3፣ በቀዳዳ ቁጥር 0 ያለ የኢተርኔት ካርድ ማለት ነው። የማዘርቦርዱ ፈርምዌር ለቀዳዳው የራሱን ቁጥር ካሳወቀ ደግሞ ያ ቁጥር ይቀድምና ስሙ ኢኤንኤስ1 ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስሙ ካርዱ ከተሰካበት ቦታ ስለሚመነጭ የሪስታርት ዕድል አይቀያይረውም።

ነገር ግን ስም የማውጣቱ ሕግ ራሱ ከእትም እትም ይሻሻላል። በዴቢያን 12 ውስጥ ያለው ሲስተምዲ 252 ፈርምዌሩ የሚያሳውቀውን አንድ ዓይነት የቀዳዳ ቁጥር ችላ ይለው ነበር። በዴቢያን 13 የመጣው ሲስተምዲ 257 ይቀበለዋል። ደብረ ብርሃን ላይ የሆነው ይኸው ነው። እንግዳ ነገርም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 ከወጣው ዴቢያን 13 ጋር አብሮ የቀረበው ሰነድ በምዕራፍ 5 ላይ ያስጠነቅቃል። የኢንተርፌስ ስሞች ሊለወጡ እንደሚችሉ፣ በርቀት ያለ ሰርቨር ላይ ሌላ መግቢያ የሌለው ሰው እንዲጠነቀቅ፣ በተለይ ይህ የቀዳዳ ቁጥር ጉዳይና «አይ40ኢ» የተባለው የኢንቴል ካርድ ድራይቨር እንደሚያሳስቡ በግልጽ ተጽፏል። ካርዱ ከሪስታርት በኋላ ማን ተብሎ እንደሚጠራ አስቀድሞ የሚያሳይ «ዩዴቭአድም» የሚባል ትእዛዝም ይጠቁማል፤ የሚሞከረው አፕግሬዱ ካለቀ በኋላ፣ ሪስታርት ከመደረጉ በፊት ባለችው ክፍተት ነው። ያን ሰነድ ሳያነቡ ሩቅ ያለ ሰርቨር ማሻሻል ልክ አይደለም እላለሁ። ረጅም ነው፣ እውነት ነው። ያቺን ምዕራፍ ብቻ ለማንበብ ግን አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ያለው ጊዜ ይበቃል።

መፍትሔው ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ነው፤ በስልክ ሲሆን ግን ረዘመ። ባለሙያው ፊደል በፊደል ይናገራል፣ ሠራተኛዋ ትጽፋለች። «ስላሽ» ሲላት ቆም አለች። «የጥያቄ ምልክት ያለባት ቁልፍ፣ እህቴ፤ ሺፍት ሳትነኪ» አላት። ኢኤንፒ3ኤስ0 ፋይሉ ውስጥ ሁለት ቦታ ተጽፏል። አንዱን ቀይራ ሌላውን ረስታ ነበር፤ በፎቶው ላይ አየው። ሁለተኛውም ተስተካከለ፣ ፋይሉ ተቀመጠ፣ ኢንተርፌሱን የሚያስነሳው ትእዛዝ ተጻፈ። አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ የነበረው የፒንግ መስኮት በመስመር ላይ መስመር መደርደር ያዘ።

የስም ለውጥ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ሁሉንም በአንድ ሥርዓት ነው የሚያጣራው፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ። መብራቱ በራ? ካርዱን ከርነሉ አየው? ስሙ ያው ነው? አድራሻ አለው? ወደ ጌትዌዩ ፒንግ ያደርጋል? ወደ ውጭስ? ስም ይፈታል? በመጨረሻ፣ ኤስኤስኤች በሩ ላይ ቆሟል? አንዱ ደረጃ ሳይረጋገጥ ወደ ሌላው የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ፋየርዎል ሲፈታና ሲያስር ይውላል፤ ለካስ ካርዱ ገና አልተነሳም።

ካርዱ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የፈርምዌር ነገር ይጠረጠራል። አንዳንድ ካርዶች፣ ብሮድኮም የሠራቸውን ብዙዎቹን ጨምሮ፣ ከርነሉ የሚጭንላቸው ትንሽ የፈርምዌር ፋይል ካላገኙ አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 እነዚህን ፋይሎች ለብቻቸው ወደተከፈተ አዲስ ክፍል አዛውሯቸዋል። የጥቅል ምንጭ ዝርዝሩ ላይ ያንን ክፍል ያልጨመረ ሰው ከዚያ ወዲያ የፈርምዌር ማሻሻያ አይደርሰውም።

አድራሻው ተለውጦ የሚጠፋም አለ፤ ይህ ከሁሉም የሚያሳስት ነው፤ ሰርቨሩ ሙሉ ጤነኛ ስለሆነ። ከራውተሩ በዲኤችሲፒ አድራሻ የሚቀበል ሰርቨር ማንነቱን የሚገልጽበት መንገድ አለው። የድሮዎቹ አሠራሮች አብዛኛውን ጊዜ የካርዱን ማክ አድራሻ ያሳዩ ነበር። የሲስተምዲ ኔትወርክ አስተዳዳሪ ግን ካልተነገረው በስተቀር ከማሽኑ መለያ ቁጥር የተቀመረ ሌላ መታወቂያ ያቀርባል። ራውተሩ «ይህን አላውቀውም» ብሎ አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል። ባለሙያው በአሮጌው አድራሻ ሲያንኳኳ ሰርቨሩ ከጎኑ ባለው ቁጥር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ማንንም ወደ ቦታው ከመላክ በፊት የራውተሩን የዲኤችሲፒ ዝርዝር መክፈት ነው። ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የወጣው እትሟ ኔትወርክ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም በኔትወርክማናጀር ተክቶታል፤ ቋሚ አድራሻ በቀድሞው ፋይል ላይ የጻፈ ሰው ፋይሉ እያለ የሚያነበው ግን የለም።

ፒንግ በቁጥር እየሠራ በስም እምቢ ካለ ጉዳዩ የዲኤንኤስ ነው። በዴቢያን 12 ስም የሚፈታው የሲስተምዲ አገልግሎት ራሱን የቻለ ጥቅል ሆኖ ተለየ፤ በአፕግሬዱ ጊዜም በራሱ አይጫንም። እሱን ለማውረድ ስም መፈታት አለበት፤ ስም እንዲፈታ እሱ መጫን አለበት። መውጫው ቀላል ነው፤ የስም ፈቺ ፋይሉ ላይ አንድ የታወቀ የዲኤንኤስ ቁጥር፣ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1፣ በእጅ ጽፎ ጥቅሉን ማውረድ። ሁሉም ሠርቶ ኤስኤስኤች ብቻ «አልቀበልህም» ካለ ደግሞ ቁልፉን ማየት ነው። ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት የዲኤስኤ ቁልፎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተገፍተው ቆይተው በ2025 በወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 10 ጨርሶ ተወግደዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ባለሙያ በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። አዲስ ከርነል ሲጫን ወዲያው አይሠራም፤ ሥራ የሚጀምረው ከሪስታርት በኋላ ነው። ብዙ ሰርቨር ደግሞ ለወራት ሪስታርት አይደረግም። እንግዲህ መብራት ይጠፋል፣ ዩፒኤሱ ይደክማል፣ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ይዘገያል። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ከሳምንታት በፊት በተጫነው ከርነል ይነሳል፣ ከኔትወርክም ይጠፋል። ሁሉም ሰው መብራቱን ይከሳል፤ ፓወር ሰፕላይ ይቀየራል፣ ስዊች ይገዛል። «ምንም የነካነው ነገር የለም» የሚለው መልስ ከልብ የመጣ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ዴቢያንና ኡቡንቱ የጫኑትን ሁሉ ከነቀኑ በአፕት የታሪክ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ጆርናል የሚባለው የሲስተሙ መዝገብም ሰርቨሩ መቼ መቼ እንደተነሳ ይናገራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከመጨረሻው መነሳት በፊት ምን እንደተለወጠ ወዲያው ያያል፤ ገንዘብም አያባክንም።

ይህ የትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 የካናዳው ሮጀርስ ኩባንያ በሰባት ምዕራፍ የተከፈለ የኔትወርክ ማሻሻያ ላይ ነበር፤ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ የማጣሪያ ሕግ ከራውተር ላይ ተነሳ። ዋናዎቹ ራውተሮች ሊሸከሙት የማይችሉት የመስመር መረጃ ጎርፎባቸው ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያለ ስልክና ኢንተርኔት ቀሩ፤ የ911 ጥሪና የባንክ ካርድ ክፍያ ሳይቀር ተስተጓጎለ። የኩባንያው መሐንዲሶች ራውተሮቹን ለመጠገን የሚገቡበት የአስተዳደር ኔትወርክ በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ብዙዎቹ ሠራተኞች የያዙትም የዚያው ኩባንያ ስልክ ስለነበር እርስ በርስ መገናኘት እንኳ ተቸገሩ። ገለልተኛ አጣሪዎች ከመረመሩት በኋላ አጉልተው ካነሷቸው ጉድለቶች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021፣ ፌስቡክ ለሰዓታት ሲጠፋም መሐንዲሶቹ በአካል ወደ ዳታ ሴንተሮቹ መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል።

እንግዲህ ሁለተኛው መግቢያ በመጀመሪያው ላይ መንጠልጠል የለበትም። ትልልቆቹ ሰርቨሮች ይህን ይዘው ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ አይፒኤምአይ የተባለው ደንብ እንደሚለው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ዋናው ሲስተም ቢወድቅም፣ ቢጠፋም እንኳ፣ በራሱ አድራሻ ያስገባል፤ ዴል አይድራክ፣ ኤችፒኢ ደግሞ አይሎ የሚሏቸው እንዲህ ያሉትን ነው። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ለዚህ የተሠራችው ቀዳዳ ገመድ ሳይሰካባት ዓመታት ያልፋሉ፤ ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡ የተከፈለው ሰርቨሩ ሲገዛ ነው። ስትሰካ ግን ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ይቀየር፤ በቀጥታ ለኢንተርኔትም አትጋለጥ።

በውጭ አገር ዳታ ሴንተር ሰርቨር የሚከራይ ሰው ብዙ ጊዜ በአከራዩ ድረ ገጽ የስክሪን መስኮት ያገኛል። የማዳኛ ሲስተም የሚያቀርቡም አሉ፤ ሰርቨሩ ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከኔትወርክ በመጣ ትንሽ ሊኑክስ ይነሳል፣ የራሱ ዲስክ እንደ ተራ ማኅደር ይከፈታል፣ ያልተሳካው መነሳት የተወው ጆርናል ተነብቦ ፋይሉ ይስተካከላል። ዲስኩ አይደመሰስም፣ ምንም አይጠፋም። ይህም ያም ለሌለው የደብረ ብርሃኑ ዓይነት ሰርቨር ደግሞ አንዲት ራስበሪ ፓይ በሲሪያል ገመድ ከጀርባው ጋር ተያይዛ፣ የራሷን ሲም ካርድ ይዛ ብትቀመጥ ትበቃለች። ሲስተሙ ግን መልእክቱን በሲሪያል እንዲያወጣና እንዲቀበል አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሶፍትዌሩ ራሱም የሚሰጣቸው ጥንቃቄዎች አሉ። ኡቡንቱ በኤስኤስኤች በኩል ሲሻሻል በ1022 ቁጥር በር ላይ መጠባበቂያ ኤስኤስኤች ይከፍታል፤ ፋየርዎሉ ካላሳለፈው ግን አይረዳም። «ኔትፕላን ትራይ» የተባለው የኡቡንቱ ትእዛዝም አዲሱን የኔትወርክ ቅንብር ሞክሮ በ120 ሰከንድ ውስጥ «ይሁን» የሚለው ካጣ የድሮውን ይመልሳል። ለስሙ ጣጣ ደግሞ ባለሙያው በሚቀጥለው ሳምንት በሁሉም ቅርንጫፎች ላይ ያደረገው ነገር አለ። በሲስተምዲ የኔትወርክ ማውጫ ሥር ከአራት መስመር የማትበልጥ ፋይል ጻፈ፤ «ይህ ማክ አድራሻ ያለው ካርድ ስሙ ላን0 ነው» ትላለች። ኢቲኤች በሚል የሚጀምር ስም አልመረጠም፤ ከርነሉ ራሱ ከሚያድላቸው ስሞች ጋር ስለሚጋጭ። ከዚያ የኔትወርክ ቅንብሩንም ወደ ላን0 አዞረ።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሥራ ጨመረ። በሲም ካርድ የምትሠራዋን ራስበሪ ፓይ ካስቀመጠ በኋላ እዚያው ቆሞ የሰርቨሩን ሰማያዊ ገመድ ነቀለ፤ አዲስ አበባ ያለ ባልደረባውን በሁለተኛው መንገድ ገብቶ የኔትወርክ ፋይሉን እንዲከፍት ጠየቀው። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ የሲሪያሉ ፍጥነት በአንዱ ወገን 9600፣ በሌላው 115200 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ወደ 115200 አመጣቸው፣ ገመዱን ሳይመልስ እንደገና አስሞከረ፣ ገባ።